ወተት በጉንጬ፦ የአዝርዕት ስምና የአዝርዕት ምርምር በኢትዮጵያ

በወሎ ማሽላ የሚያበቅለው ገበሬ ለዘሮቹ ስም በማውጣት ረገድ ንፉግ አይደለም። አንዱን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ይለዋል። ሌላውን «ማርጩቄ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሲያኝኩት ማር የሚያፈስስ ማለቱ ነው። «ስንዴ ለምኔ» የሚባልም አለ፤ ይኸኛው ስም የማሽላ እንጀራ የድሃ ምግብ ነው ለሚለው ሁሉ የተሰጠ መልስ ይመስላል። እነዚህን ስሞች እንግዳ ሰው ሲሰማቸው የሠርግ ዘፈን አዝማች፣ አለዚያም የእረኞች ቀልድ ናቸው ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። በእርግጥም ለብዙ ዘመን ታልፈዋል። ዘር ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ፍሬውን በከረጢት ቋጥረው ሲሄዱ፣ ስሙን ብዙውን ጊዜ ከአውድማው ላይ ትተውት ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ማሽላ በአፍሪካና በእስያ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ቀለብ ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት እንዳለበት ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር፤ ይኸውም የሰው አካል በራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘውና በተለይ ለሕፃናት ዕድገት አስፈላጊ የሆነው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በማሽላ ውስጥ ጥቂት መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ጉድለት የሚያሟላ ማሽላ በዓለም ላይ ይገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ከየአገሩ ተሰብስበው ከነበሩት የማሽላ ዓይነቶች 9,000 ያህሉን መረመሩ። ላይሲኑ ከተለመደው በእጅጉ ከፍ ብሎ የተገኘው በሁለት ዓይነቶች ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ፍሬያቸው የተጨማደደ ነው። በዓለም የማሽላ መዝገብ ላይ የሚታወቁት አይ ኤስ 11167 እና አይ ኤስ 11758 በሚሉ ቁጥሮች ነበር።

ቁጥሮቹን ወደ ገበሬው ቋንቋ የመመለሱ ሥራ የአገር ልጆችን ይጠብቅ ነበር። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የማሽላን ምርምር የመሩት ዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳንና የሥራ ባልደረባቸው፣ ላይሲናቸው ከፍ ያለው ማሽላዎች በገበሬው ዘንድ እንዴት እንደሚዘሩና እንዴት እንደሚበሉ አጥንተው ጻፉ። «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የሚሉት ስሞች ወደ ምርምር ጽሑፍ የገቡት በዚህ ዓይነት ነው። ገበሬው እነዚህን ዘሮች ለብቻቸው በሰፊ ማሳ አይዘራቸውም፤ ምርታቸው ከሌላው ማሽላ ያንሳልና። ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እዚህም እዚያም ብቅ እንዲሉ ያደርጋቸዋል። እሸቱ ሲደርስ ራሱን ቀጥፎ በእሳት ለብለብ አድርጎ ይበላዋል፤ ለልጆችም ይሰጣል። ሲደርቅ የሚጨማደደው ፍሬ በእሸትነቱ ጣፋጭ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ነገሩ በኩንታል ብቻ ቢመዘን ኖሮ «ወተት በጉንጬ» ገና ጥንት ከማሳው መውጣት የነበረበት ዘር ነው። ምርቱ አነስተኛ፣ ፍሬው የማያምር፣ ለገበያም የማይመች ነው። ላቦራቶሪ ያልነበረው ገበሬ፣ ላይሲን የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰማች እናት፣ ይህን ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገሩት በምላሳቸው መስክረው ነው። ምስክርነታቸውንም ያኖሩት በስሙ ውስጥ ነው። ወተት ለልጅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ አንድን እህል «ወተት» ብሎ ሲጠራ በዘፈቀደ የተናገረው አይደለም።

የኢትዮጵያን ዕፅዋት የመረመሩ የውጭ ሰዎች ታሪክ ሲነበብ ይህ የስም ጉዳይ በየምዕራፉ ብቅ ይላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ሲቆይ ኮሶን፣ ጤፍንና እንሰትን መዝግቧል። የዕፅዋቱን ሥዕል በመሣል የደከመው ግን ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው ሲሆን፣ እርሱም ጎንደር ላይ ሞቶ ቀርቷል። ብሩስ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የሠዓሊው ድርሻ የሚገባውን ቦታ አላገኘም፤ ሠዓልያን ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። ከርሱ በኋላ ከመጡት ፈረንሳውያን መካከል ካርታን ዲዮንን ንዳድ ገደለው፤ ባልደረባውን ፔቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ በዚያው ትዳር ይዞ፣ በትግራይ አርባ ዓመት ያህል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ። አድርቆ የላካቸው ዕፅዋት የአውሮፓን ቤተ መዘክሮች ሞልተዋል፤ በርካታ ተክሎችም በሳይንስ ስማቸው የርሱን ስም ተሸክመው ይኖራሉ።

የሳይንስ ስም አስፈላጊነት አያከራክርም። በአንድ ቋንቋ «ኮሶ» የተባለው ዛፍ በሌላው ቋንቋ ሌላ ስም ስላለው፣ የዓለም ሊቃውንት ተግባብተው እንዲሠሩ አንድ የጋራ ስም ያሻቸዋል። ቢሆንም ኮሶ ለዘመናት የሕዝቡ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ዓለም የሚያውቀው «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» በሚል ስም ነው፤ ይኸውም በኮኒግስበርግ ይኖር የነበረውን የሃገንን ስም ለማክበር የወጣ ነው። ሃገን የኮሶን ምሬት ይቅመሰው አይቅመሰው ታሪክ አይነግረንም።

ከነዚህ ሁሉ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ የተለየ ነው። ቀደምቶቹ በአብዛኛው የዱሩን ተክል ሲሹ፣ ቫቪሎቭ የመጣው የገበሬውን ማሳ ሊመለከት ነው። በሌኒንግራድ የሚገኘው የአዝርዕት ምርምር ተቋም ኃላፊ የነበረው ይህ ሰው፣ የዓለም ሕዝብ የሚመገባቸው አዝርዕት ከየት እንደ ተነሡ ለማወቅ አህጉራትን አቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ሥራ ዐቢሲንያን ከአዝርዕት መገኛ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ አስቀምጧት ነበር። ከዚያም የጻፈውን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ተነሣ። በ1919 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ገብቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ዕድሜው 39 ነበር።

በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን አነጋገሩት፤ የመዘዋወሪያ ፈቃድም ሰጡት። «አምስቱ አህጉራት» በተባለው የጉዞ መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ራስ ተፈሪ ስለ ስንዴው ብቻ ሳይሆን ስለ ሩሲያ አብዮትና ስለ ነገሥታቱ ዕጣ በብርቱ ጉጉት ጠይቀውታል። አንድ ተውኔት ደራሲ ቢያገኘው ይህ ትዕይንት ብቻውን አንድ ገቢር ይወጣዋል፤ ጠያቂው የዘውድ ወራሽ፣ መላሹ ዘውድ ከወደቀበት አገር የመጣ የዘር ሊቅ፣ በመካከላቸውም አንድ እፍኝ ስንዴ።

ቫቪሎቭ በቅሎዎቹን ጭኖ፣ አገልጋዮቹን አስከትሎ፣ ወደ ሰሜን አመራ። ጎንደርንና አክሱምን አልፎ በሚያዝያ ወር አሥመራ ገባ። በየመንገዱ የሚያየው ማሳ አስደነቀው። በአውሮፓ አንድ ማሳ ማለት አንድ ዓይነት ዘር ማለት ሆኖ ሳለ፣ በኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ነጭ፣ ቀይና ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ሐምራዊ ስንዴ ደግሞ በሌላ አገር ያላየው ነገር ነበር። ነጭና ጥቁር ገብስ ጎን ለጎን ይበቅላል። ለውጭ ሰው ይህ የሥርዓት ማጣት ይመስላል። ቫቪሎቭ ግን ሀብት መሆኑን ተረዳ፤ ዋግ ቢመጣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል፤ ዝናም ቢያጥር የቶሎ ደራሹ ለቤት ይደርሳል። በትግራይና በኤርትራ «ሐንፈጽ» እየተባለ ስንዴና ገብስ ሆነ ተብሎ ተቀላቅሎ የሚዘራውም ለዚሁ ነው።

በአክሱም አካባቢ ያገኘው ነገር ከሁሉ ይበልጥ አስደሰተው። በስንዴ ዛላ ላይ የሚወጣውን ሹል ጢም ሁሉም ያውቀዋል። ለዳቦ ከሚሆነው ስንዴ ጢም የሌለው ዓይነት መኖሩ የታወቀ ሲሆን፣ ለፓስታና ለመኮሮኒ ከሚውለው ከጠንካራው ስንዴ ግን እንዲህ ያለ አልተገኘም ነበር። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1920 ይፋ ባደረገው ሕግ፣ የሚዛመዱ አዝርዕት ለውጣቸውም ይዛመዳል፤ በአንዱ የታየው ጠባይ በሌላውም ተፈልጎ መገኘት አለበት ሲል ተንብዮ ነበር። አክሱም ላይ ጢም አልባው ጠንካራ ስንዴ በማሳ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሊቁ እንደ ግኝት ቆጠረው፤ መቁጠሩም ትክክል ነው። ለማሳው ባለቤት ግን ስንዴው ትናንትም የነበረ፣ ከአባቱ የወረሰው ዘር ነበር።

ቫቪሎቭ ታላቅ ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሳስቶታል። አንድ እህል እጅግ በርካታ ዓይነቶች የሚታዩበት ስፍራ የዚያ እህል የትውልድ ስፍራ ነው ብሎ ስላመነ፣ ገብስንም የኢትዮጵያ ተወላጅ አድርጎ ገምቶ ነበር። ዳሩ ግን የገብስ የዱር ዘመድ በኢትዮጵያ አይበቅልም፤ የሚበቅለው በመካከለኛው ምሥራቅና በአካባቢው ነው። አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ ኢትዮጵያን የልዩ ልዩነት ማዕከል ብሎ ሲሰይማት ይህን ልዩነት ማሳየቱ ነበር። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ቡና የዚሁ አፈር ልጆች ናቸው። ስንዴና ገብስ ግን በጥንት ዘመን ከውጭ ገብተው እዚህ የበዙ ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን እርማት እንደ ክብር መቀነስ ያየዋል። በጥሞና ለሚያስተውለው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ገብስ እዚሁ በቅሎ ቢሆን ኖሮ የዓይነቱ ብዛት የተፈጥሮ ስጦታ ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንዲህ ከበዛ ግን የተራራውና የሸለቆው፣ የደጋውና የቆላው፣ ከሁሉም በላይ የገበሬው ሥራ ነው። ነዶ ከመታሰሩ በፊት የተሻለውን ዛላ የሚመርጠው፣ የማሽላውን ራስ ከምድጃው በላይ ሰቅላ በጢስ ከነቀዝ የምታድነው፣ ለቆሎ የሚመቸውን ገብስ «ሰነፍ ቆሎ» ብላ ለይታ የምታስቀምጠው፣ እነዚህ ናቸው የሥራው ባለቤቶች።

ቫቪሎቭ ከዚህ ጉዞ ይዞት የተመለሰው ናሙና ወደ 6,000 ይጠጋል። በሌኒንግራድ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ በሚገኘው ተቋም ከሌላው ዓለም ዘር ጋር ተደረደረ፤ ክምችቱም ከጊዜ በኋላ ከ200,000 በላይ ደረሰ። ሰብሳቢውን የጠበቀው ዕጣ ግን የከፋ ነበር። የዘር ውርስን ሳይንስ ክዶ ፈጣን ምርት ቃል የገባው ሊሴንኮ የስታሊንን ጆሮ ካገኘ በኋላ ቫቪሎቭ ጠላት ተብሎ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ተክል ሲሰበስብ ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኃብና በበሽታ ተጎድቶ ሞተ።

እርሱ በወህኒ ሳለ ሌኒንግራድ በናዚ ጦር ተከብባ ነበር። ከበባው 872 ቀን ቆየ። በአስከፊው ክረምት የአንድ ሰው የቀን ዳቦ እስከ 125 ግራም ዝቅ ብሏል። በተቋሙ ውስጥ ቶኖች የሚመዝን እህል አለ፤ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ገብስ። ጠባቂዎቹ አልነኩትም። የኦቾሎኒው ሊቅ አሌክሳንደር ሽቹኪን ከጠረጴዛው ላይ እንደ ተቀመጠ ሞተ። የሩዙ ሊቅ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠሩ የሩዝ ፓኬቶች መካከል በረኃብ ሞተ። የአጃዋ ሊቅ ሊዲያ ሮዲናም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ከሞት ካዳኑት ዘር መካከል ከጎንደርና ከአክሱም ማሳ በቅሎ ተጭኖ የሄደው ይገኝበታል። የኢትዮጵያ ገበሬ ዘሩን የጠበቁለትን ሰዎች ስም አልሰማም፤ እነርሱም የርሱን ስም አያውቁም ነበር።

ከኢትዮጵያ የወጣ ዘር በሌላው ዓለም ያደረገውን መልካም ነገር ለመረዳት ገብስን መከተል ይበቃል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ገብስን የሚያቢጭና የሚያቀጭጭ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ እርሻውን ባስጨነቀው ጊዜ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብሶች ነው፤ በሽታውን የሚቋቋመው ጠባይ ተለይቶ በምርምር ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በአውሮፓም ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን ሻጋታ የሚከላከለው ጠባይ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937ና 1938 የጀርመን አሳሾች ከሰበሰቧቸው የኢትዮጵያ ገብሶች የተገኘ ነው። በአውሮፓ በፀደይ ከሚዘሩት ገብሶች ብዙዎቹ ይህ ጠባይ ተዳቅሎባቸዋል። አርበኛው በዱር በገደሉ በነበረበት ሰዓት፣ ከአውድማው የተዘገነ እፍኝ ገብስ ባሕር ተሻግሮ የሌላውን አገር የቢራ ገብስ ለመታደግ በቃ ማለት ነው። በምርምር ጽሑፎች ይህ ገብስ የሚጠራው «ኤል 92» እየተባለ ነው።

ስምን በቁጥር መተካት የውጭ ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን እንጭጭ ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ሥጋቱ ብርቱ ነበር፤ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ በዚሁ ፍሬ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ተመራማሪዎች መድኃኒት ፍለጋ ከላቦራቶሪ ይልቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ገቡ። በታመሙ ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እየለዩ፣ ፍሬያቸውን እየወሰዱ፣ በጅማ አቅራቢያ በመልኮ የምርምር ጣቢያ ፈተኗቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ቡናዎች ለገበሬው ታደሉ። ይህ በኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ታሪክ ከታዩት ድሎች አንዱ ነው። ከነዚህ ቡናዎች ዝነኞቹ 74110 እና 74112 ይባላሉ፤ 74 የተመረጡበትን ዘመን የሚያመለክት ነው። በቁጥሩ ውስጥ ዓመቱ አለ፤ ዛፎቹ የቆሙበት የኢሉባቦር ጫካ ግን የለም። ጫካው ቢመነጠር ሌላ 74110 ከየት እንደሚመጣ ቁጥሩ አይናገርም።

የዘር ክምችት በአገር ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በኢትዮጵያና በምዕራብ ጀርመን መንግሥታት ስምምነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ዘሩን አድርቆ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ያቆያል። ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲባል፣ ክምችቱም ከ60,000 ናሙና በላይ ሆኗል። እያንዳንዱ ናሙና ሲሰበሰብ በሚሞላው ቅጽ ላይ የአገሬው ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ይህ ቦታ በበርካታ አሮጌ ናሙናዎች ላይ ባዶ ነው።

የማዕከሉ ፈተና የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ዝናም ጠፋ። ረኃብ ሲጸና ሰው ከብቱን ይሸጣል፤ ከዚያ የቤቱን ዕቃ፤ በመጨረሻ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር ራስ ያወርዳል። ዘሩን የበላ ገበሬ የበላው የሚመጣውን ክረምት ብቻ አይደለም፤ አያቱ ከሌላው ለይተው ያቆዩትን ዓይነት ነው። ለርዳታ የሚመጣ ዘር አለ፤ ግን የሌላ አፈር፣ የሌላ ዝናም ዘር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ወተት በጉንጬ» በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል። ስሙም ከአሮጊቶች አፍ ጋር አብሮ ይቀበራል።

ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን አደጋ ቀድመው የተረዱ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸው ድርቅ ወዳጠቃቸው አውራጃዎች እየወጡ፣ ከማሳው፣ ከጎተራውና ከገበያው የተረፈውን ዘር ሰበሰቡ። ዝናሙ ሲመለስ ከተጠበቀው እያባዙ ለገበሬው የመመለሱ ሥራ ተከተለ። የእህል ዓይነትን በብርድ ቤት ብቻ ማቆየት እንደማይበቃ፣ ዘር ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ እየኖረ ካልተለዋወጠ በጊዜ ብዛት ከአየሩም ከበሽታውም ጋር እንግዳ እንደሚሆን ደጋግመው አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። በሸዋ በአድአና በጊምቢቹ አካባቢ አዲሱ የዳቦ ስንዴ ያስለቀቀውን ነባሩን ጠንካራ ስንዴ ከገበሬዎች ጋር መርጠው ወደ ማሳው መለሱት፤ በእጀሬም የገበሬዎች የዘር ቤት ተቋቋመ። በብርድ ቤቱና በጎተራው መካከል መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

የዱሩ ዕፅዋት ጥናትም ወደ ኋላ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ጋር ተባብረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጾች ዘርዝረው አሳትመዋል። 6,000 ያህል ዓይነት ተቆጠረ፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ሥራውን በመጀመሪያ ከመሩት መካከል የሆኑት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላ በዓለም መድረክ የአፍሪካን ገበሬ መብት የተከራከሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐርፈዋል።

ክርክሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር ስምምነት ፈረሙ፤ ከጥቅሙ ድርሻ እንዲገኝ ነበር ሐሳቡ። ኩባንያው በዚያው ሰሞን የጤፍ ዱቄት አሠራርን በፈጠራ መብት በአውሮፓ በስሙ አስመዘገበ፤ ከዚያም ከሰረ። የተጠበቀው ጥቅም ቀረ፤ የፈጠራ መብቱ ግን በሌላ እጅ ሕያው ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ መብቱን ሻረው። ይህን ለመፍረድ ዓመታት መፍጀቱ የሚያስተዛዝብ ነው። በማንኛውም የኢትዮጵያ ገበያ «ማኛ»፣ «ነጭ»፣ «ሰርገኛ» እያለ የሚለይ ሸማች ቢጠየቅ፣ ጤፍ የማን ፈጠራ እንደ ሆነ በአንድ ደቂቃ ይመልስ ነበር።

በቅርቡ ደግሞ ምርምር ራሱ የገበሬውን ቃል እንደ ማስረጃ መቁጠር ጀምሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ አንድ ጥናት፣ 400 ዓይነት ጠንካራ ስንዴ፣ አብዛኛው ከአዲስ አበባው ክምችት የወጣ፣ በትግራይ ሐገረ ሰላምና በአማራ ገረገራ ላይ ተዘራ። 60 ገበሬዎች፣ ወንዶችና ሴቶች፣ በየመደቡ እየተዘዋወሩ ለእያንዳንዱ ዓይነት ነጥብ ሰጡ፤ ስለ ዛላው፣ ስለ ቶሎ ደራሽነቱ፣ በጠቅላላው ስለ ደግነቱ። ተመራማሪዎቹ የገበሬውን ነጥብ ከዘሩ ውርስ ጋር አስተያዩት። በዓይን የተሰጠው ፍርድ በላቦራቶሪ ከሚታዩ የውርስ ምልክቶች ጋር የሚገናኝ ሆኖ ተገኘ። ከነባሮቹ ስንዴዎች አንዳንዶቹ በገበሬዎቹ ዘንድ ከተሻሻሉት ዘሮች የበለጠ ነጥብ አገኙ። እነዚህ ስንዴዎች ለዐሥርታት በብርድ ቤት የተቀመጡ ናቸው፤ መደቦቹ ላይ የተተከለው ምልክትም ቁጥር ነበር። ገበሬዎቹ እያንዳንዱን መደብ የፈረዱት በፊታቸው ከቆመው ስንዴ ዛላ ተነሥተው ነው።